አምፖሉ ይጥፋ፣ በሩ ይከፈት፦ የጣናን ሥዕል፣ የጎንደርን ጣሪያና የላሊበላን ድንጋይ ፎቶ ለማንሳት

መጀመሪያ ዘጌ የሄድኩ ጊዜ ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ። ማታ ባሕር ዳር ሆቴል ገብቼ ሳያቸው ግማሾቹ ደብዝዘዋል። የቀሩት ደግሞ ቢጫ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ጉበቱን የታመመ ይመስላል። ስልኬን ረገምኩ። በሚቀጥለው ዓመት ደህና ካሜራ ተውሼ ሄድኩ። ፈረሱ ያው ቢጫ።

ነገሩ የገባኝ አንድ አባ አዝነውልኝ ነው። ካሜራውን ዐሥር ጊዜ ስነካካ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሄዱና አምፖሉን አጠፉት። ቀጥለው የደቡቡን ትልቅ በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ግድግዳው ላይ ያለው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ከእንቅልፉ የነቃ መሰለ። "በል አሁን አንሳ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን ዘዴ ነው የምጽፍላችሁ። ምሳሌዎቼ ጣና፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አዲስ አበባ ናቸው፤ ደጋግሜ የሄድኩት እዚያ ስለሆነ። ዘዴው ግን ሐረርም ሆነ ሮም ያገለግላል።

1. ወሩንና ሰዓቱን ምረጡ

እኔ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ። ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ሩቅ ያለው ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ከየካቲት በኋላ አየሩ አቧራ ይለብሳል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭቃ ነው። የክረምት ደመና ግን አይናቅ። ጥላው ለስላሳ ስለሚሆን ለድንጋይ ሕንፃ አንዳንዴ ከፀሐይ ይሻላል።

ከወሩ ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወርቅ የነበረው ብርሃን 3 ሰዓት ሲሆን ነጭና ኃይለኛ ይሆናል። ስለዚህ ቀኑን ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ውጭ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ውስጥ። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ውጭ።

ረፋዱንና እኩለ ቀኑን ለውስጥ የምተወው ወድጄ አይደለም። ውጭ ያለው ፀሐይ ሲበረታ ከመሬቱና ከግቢው ነጥሮ በበሩ የሚገባው ብርሃንም ይበረታል። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ጨለማ የነበረ ቅኔ ማኅሌት (የቤተ ክርስቲያኑ የውጪኛው ክፍል) 5 ሰዓት ላይ መጽሐፍ ያስነብባል።

ሁለት ነገር ግን ፕሮግራሙን ያበላሻል። አንደኛው የምሳ ሰዓት ነው፤ ብዙ ቦታ ይዘጋል። ሁለተኛው ጾም ነው። በጾም ወቅት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ከሰዓት ሄዳችሁ "ቅዳሴ ላይ ነን" ልትባሉ ትችላላችሁ። የቀን መቁጠሪያ ሳታዩ አትነሱ።

የመንገዱንም ነገር እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ። ሰሜን ላይ ሁኔታው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። የባለፈው ወር ወሬ ለዛሬ አይሠራም።

2. ጓዝ ቀንሱ

ያላችሁ ስልክ ይበቃል። ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ሦስት ሌንስ አትሸከሙ። 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሆነና ብርሃን በደንብ የሚያስገባ አንድ ሌንስ ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ከቦርሳዬ የማይጠፉት እነዚህ ናቸው፦ ፓወር ባንክ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ ነጠላ፣ ወፍራም ካልሲ። ካልሲው ቀልድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ ምንጣፉም ቁንጫ አያጣም። እያከከ ቀጥ አድርጎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም። ጫማችሁም ማሰሪያ የሌለው ቢሆን ላሊበላ ላይ ትገላገላላችሁ። ዐሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት ልትዞሩ ከሆነ ዐሥራ አንድ ጊዜ ማውለቅ ነው።

ከውጭ አገር ለምትመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮን አስቀድሞ ፈቃድ ካልተያዘለት አገር አይገባም። ኤርፖርት ላይ ትቀማላችሁ። ቤታችሁ ተዉት።

3. ፈቃዱን ከሰው ጠይቁ

የመግቢያ ቲኬት መቁረጥ ማለት ሁሉን ነገር ማንሳት ይቻላል ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ ለቪዲዮ ለብቻ ይከፈላል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) አንዳንድ ቦታ ይፈቀዳል፣ አንዳንድ ቦታ አይፈቀድም። መቅደሱ ውስጥ ግን መግባትም ማንሳትም የለም፤ መጋረጃው ቢገለጥ እንኳ ካሜራችሁን ወደዚያ አታዙሩ። ከጣና ገዳማት ሴት የማይገባባቸውም አሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንዲያ ናቸው። ሴቶች፣ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ስትገቡ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። መጀመሪያ ሰላምታ። "አባቴ ይባርኩኝ" ብሎ መስቀል መሳለም፣ ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነም በአክብሮት ጎንበስ ማለት። ቀጥሎ፦ "አባቴ፣ ሥዕሉን ያለ ፍላሽ ባነሳ ይፈቅዱልኛል?" "ያለ ፍላሽ" የምትለዋን ቃል ጠያቂው ቀድሞ ሲላት የብዙ አባቶች ፊት ይፈታል። ስንቱ ጎብኚ ዓይናቸው ላይ እንዳበራባቸው እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

አይሆንም ከተባላችሁ አይሆንም ነው። ለዲያቆኑ ሹልክ አድርጋችሁ ብር በመስጠት ነገሩን አትገልብጡት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ይጎዳበታል።

4. ሳታነሱ ዙሩ

ስልኩን ኪስ ከትታችሁ አንድ ዙር ሙሉ ተመልከቱ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ መሐል ላይ ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ አለ። ሥዕሉ ያለው የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። አራት ፊት ማለት ነው፤ አራቱም ላይ የሚያርፈው ብርሃን የተለያየ ነው።

ብዙው ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም። ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ የጨርቁ ስፌት፣ የተላቀቀ ጠርዝ፣ አንዳንዴም የሻማ ጭስ ይታያል። ከፊሉ መጋረጃ ተጋርዶበታል፤ ራሳችሁ አትግለጡ፣ አባ በዘንግ ይገልጡላችኋል።

ስትዞሩ ዓይን ቁጠሩ። በድሮው የአሣሣል ደንብ ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ወታደሮቹን፣ ይሁዳን፣ አጋንንቱን ፈልጉ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የቱን ክፍል ቀረብ ብላችሁ እንደምታነሱ ራሱ ሥዕሉ ይነግራችኋል።

ሌላው መፈለግ ያለበት አሠሪው ነው። ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ብዙ ጊዜ ታች፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል። ደቅ ደሴት ላይ ባለችው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብን የምታገኟት እንዲህ ሆና ነው። ላይ ላዩን አይቶ የሚሄድ ሰው ጨርሶ ያልፋታል።

አስጎብኚ ወይም አባ ሲያስረዱ በስልካችሁ ድምፅ ቅረጹ፣ አስፈቅዳችሁ። ከወር በኋላ "ይሄ ሚካኤል ነበር ገብርኤል?" ብላችሁ ከመጨነቅ ያድናችኋል።

5. ብርሃኑን አስተካክሉ

ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ካሜራው የሚጨምረው ትንሽ ነው።

መጀመሪያ አምፖል። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሁን መብራት ገብቷል፤ ቢጫ አምፖል ወይም ነጭ ቱቦ። ችግሩ አምፖሉ ብቻ አይደለም፣ ከበሩ ከሚገባው የቀን ብርሃን ጋር መቀላቀሉ ነው። የሥዕሉ ግማሽ ቢጫ፣ ግማሽ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን በኋላ በኤዲቲንግ ማስተካከል እንባ ነው። ስለዚህ በትሕትና፦ "አባቴ፣ መብራቱን ለአምስት ደቂቃ ቢያጠፉልኝ?" ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ቆጣሪው ይቆጥራላ።

ከዚያ በር። የምትፈልጉት ሥዕል ፊት ለፊት ያለው በር ወይም መስኮት ይከፈት። ፀሐይ በቀጥታ ሥዕሉ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን ገርበብ ይበል። ቀጥተኛ ፀሐይ ቀለሙንም ይጎዳል፣ ለፎቶውም አይሆንም፤ አንድ ነጭ ሰንጣቃ ይተክልባችኋል። የሚፈለገው ከውጭ መሬት ላይ ነጥሮ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ነው።

አሁን ነጠላዋ ሥራዋን ትጀምራለች። በሩ ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዘርጓት። ነጭ ጨርቅ ብርሃን ያነጥራል፤ ጨለማ የነበረው የሥዕሉ የታችኛው ክፍል ፈካ ይላል። ጓደኛ ካላችሁ በሁለት እጁ ዘርግቶ ይያዝላችሁ፣ እናንተ ወዲህ ወዲያ አስደርጉት። የሥዕሉ ቀለም ሲለወጥ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ቀሚሳችሁ ወይም ሸሚዛችሁ ቀይ ከሆነ ግን ከሥዕሉ ራቅ በሉ፣ እሱም ያነጥራል።

ፍላሽ አይነካም። ኃይለኛ ብርሃን በተደጋጋሚ ሲወርድበት ጥንታዊ ቀለም ይጎዳል። ይህ ባይሆን እንኳ ፍላሹ ሥዕሉ መሐል ላይ ነጭ እንቁላል ያስቀምጣል፣ ዙሪያውን ያጨልመዋል። ስልኩ ላይ "አውቶ" የሚል ከሆነ ጨርሶ አጥፉት። አንድ ጊዜ ጠፍቷል ብዬ፣ ጸሎት ላይ በነበሩ እናት ፊት ላይ ቦግ አለብኝ። ምንም አላሉኝም። ያ ዝምታቸው ነው የባሰው።

በመጨረሻ ነጩን ወረቀት ሥዕሉ አጠገብ፣ ሳታስነኩ፣ ይዛችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ማታ ቀለም ስታስተካክሉ ያንን ወረቀት ነጭ እስኪሆን ታስተካክሉና ያንኑ ለሌሎቹ ትገለብጣላችሁ። ፈረሱ የዳነልኝ በዚህ ነው።

6. ሥዕሉን አንሱ

የመጀመሪያዋ ፎቶ ሁልጊዜ ሙሉው ሥዕል ከነጠርዙ ትሁን። ዳር ዳሩን የከበበው ሐረግና ከሥር ያለው የግዕዝ ጽሑፍ ሳይቆረጥ። ዝርዝሩ ቀጥሎ ይደርሳል።

ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የስልኩ ጀርባና ግድግዳው ትይዩ መሆን አለባቸው። ስልኩን ቀና ካደረጋችሁት የቅዱሱ ራስ ያንሳል፣ እግሩ ይተልቃል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የስክሪኑን መስመሮች አብሩ። የሥዕሉን ዳር ከመስመሩ ጋር አጋጥሙ።

ተጠግታችሁ በሰፊው ሌንስ አታንሱ፣ ዳር ዳሩ ይለጠጣል። ወደ ኋላ ሂዱና ሁለት እጥፍ ዙም አድርጉ። ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ ከጠፋ፣ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ሥዕሉን ከፋፍላችሁ አንሱ። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር በሲሶ ያህል ይደራረብ። በኋላ የሚያጋጥም አፕ ሞልቷል። ወደ ጎን ስትሄዱ እግራችሁን እንጂ ወገባችሁን አታዙሩ፤ ከግድግዳው ያላችሁ ርቀት መቀያየር የለበትም።

በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ሥዕሉን ነክታችሁ ጣታችሁን ጥቂት አቆዩት። ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ጎትቱ። ስልክ ጨለማ ቤት ሲገባ ሁሉን ነገር ማፍካት ይወዳል፤ ጥቁር ቡናማው ግራጫ ይሆናል፣ ወርቃማው ብራና ይመስላል። በካሜራ ከሆነ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ1600 እስከ 3200፣ የመዝጊያ ፍጥነቱን ደግሞ ከ1/60 አታሳንሱት። ትንሽ ነጠብጣብ ይምጣ፣ ከደብዛዛ ይሻላል።

ክንዳችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ትንፋሽ አስወጡና ሳታስገቡ ተጫኑ። ምሰሶ ካለ ተደገፉ። ሥዕል ያለበት ግድግዳ ግን ፈጽሞ አይነካም። የጀርባ ቦርሳችሁን አውርዱት፣ ዞር ስትሉ የሚፈቀፍቀው እሱ ነው። እኔ ቦርሳዬን በር ላይ ከጫማዬ ጋር ትቼ ነው የምገባው።

ቀጥሎ ዝርዝር። ከአንድ ሥዕል ሦስት አራት ይበቃል። አንድ ፊት፣ አንድ እጅ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ አንድ-ዓይና ክፉ። አንድ ጓደኛዬ በየሄደበት ጣት ብቻ ያነሳል፤ የመላእክትና የሰማዕታት ጣት። መጀመሪያ ስቄበት ነበር። አሁን ስብስቡን ሳየው ሠዓሊዎቹን በጣት ነው የሚለያቸው።

7. ጣሪያ

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ብላችሁ ሳታዩ አትወጡም። በአግዳሚዎቹ እንጨቶች መሐል ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል። ከመቶ በላይ ናቸው። ሁሉም ዓይናቸው ወደ እናንተ ነው። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህች ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች። ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

አንገትን ሰብሮ ስልክን ወደ ላይ ይዞ ማንሳት አይሆንም፤ ረድፉ ይንሻፈፋል። መሬት ላይ መጋደም ደግሞ ነውር ነው። የኔ ዘዴ ይህ ነው። ነጠላዬን አጥፌ ምንጣፉ ላይ አስቀምጣለሁ። የስልኩን ታይመር 10 ሰከንድ ላይ አድርጌ እጫነዋለሁ። ስክሪኑን ወደ ታች አድርጌ ነጠላው ላይ አስተኛዋለሁ። የስልኩ ጠርዝ ከጣሪያው እንጨት ጋር ትይዩ እንዲሆን አይቼ እሸሻለሁ። ስልኩ ስላልተያዘ አይነቃነቅም፣ ናይት ሞድ እንኳ በደንብ ይሠራል። ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያዟዟራችሁ። ስክሪኑ የማይታይ ስለሆነ ግምት ነው።

ከሙሉው በኋላ ዙም አድርጋችሁ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ ሁለት ፊት ጎን ለጎን። አንድ ዓይነት የሚመስሉት ፊቶች አንድ አይደሉም። አንዱ ቅንድቡ ይወፍራል፣ ሌላው የተቆጣ ይመስላል። እኔ ከነሱ መሐል አክስቴን የሚመስል አግኝቻለሁ።

8. ድንጋይ

ድንጋይ ጥላ ይፈልጋል። ከጎን የሚመጣ ዝቅ ያለ ብርሃን የመሮውን ጫፍ አሻራ ሁሉ ያወጣዋል። እኩለ ቀን ላይ የተነሣ ግንብ ግን ካርቶን ነው።

ፋሲል ግቢ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሂዱ። ቡናማው ድንጋይ ይሞቃል፣ የበሮቹ ቅስት ላይ ያለው ቀላ ያለ ድንጋይ ጎልቶ ይወጣል። ከፊት ለፊት የሚነሣውን ፎቶ አንድ ጊዜ አንስታችሁ ተገላገሉት። ከዚያ በአንዱ ፍርስራሽ በር ውስጥ ሆናችሁ ሌላውን ግንብ አሳዩ። በሩ ፍሬም ይሆንላችኋል።

ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ሁለት ሥራ ነው። ከላይና ከታች፣ በተለያየ ሰዓት።

ከላይ፣ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ጎልተው የሚታዩት ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው፤ ማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። ያኔ ጉድጓዱ ራሱ ጥቁር ጥላ ውስጥ ስለሚሆን ብርሃኑን ጣሪያው ላይ ነክታችሁ ቆልፉት፣ ጉድጓዱ ይጨልም ግድ የለም። ነጠላ የለበሰ ሰው ጠርዙ አካባቢ እስኪያልፍ ጠብቁ። ሰው ከሌለበት መጠኑ አይታወቅም፤ 12 ሜትር የሚጠልቀው ነገር የሳጥን መጫወቻ ይመስላል። ራሳችሁ ግን ከጠርዙ ራቁ። አጥር የለም፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ስክሪን እያዩ ወደ ኋላ መራመድ እዚያ ቦታ ላይ እብደት ነው።

ከታች፣ ግቢው ውስጥ፣ ብርሃን የሚደርሰው ረፋዱ ላይና እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ስልኩን ቀና ስታደርጉ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይጋደማሉ። ወይ ቁርጥ አድርጋችሁ ይጋደሙ፣ ጥልቀቱ ይታይ፤ ወይ ወደ ኋላ ግድግዳው ድረስ ሄዳችሁ ስልኩን ቀጥ አድርጉት። መሐል ቤት የሆነው ነው ስሕተት የሚመስለው።

ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ትልልቅ መከለያ ተሠርቶላቸዋል። ከዝናብ ጠብቋቸዋል፣ ፎቶ አንሺን ግን ያማርራል፤ የብረቱ እግር በየፎቶው ይገባል። አትታገሉት። ሙሉውን ሕንፃ ትታችሁ ወደ ዓምዱ፣ ወደ መስኮቱ፣ በእግር ብዛት ወደ ሟሟው የደጃፍ ደረጃ ቅረቡ። መከለያው ብርሃኑን ስላለሰለሰው ለዝርዝር ቀኑን ሙሉ ይመቻል።

9. መስተዋት

አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ጋ የቆማችሁ ሁሉ ፎቶው ላይ የራሳችሁን ቲሸርት አይታችሁ ይሆናል። ሐዳር ላይ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ እመቤት ቅጂ እዚያ በመስተዋት ውስጥ ናት። መስተዋቱ ደግሞ ጎብኚውንም ያሳያል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። ከተፈቀደ የስልኩን ሌንስ መስተዋቱ ላይ ልጥፍ አድርጉት። ካልተፈቀደ በግራ እጃችሁ ሌንሱን ጋርዱ፣ ሰያፍ ቁሙ።

ባለቀለም መስኮት ተቃራኒ ነው። ብርሃኑ ከኋላ ነው የሚመጣው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስኮት 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ተከፍቷል፤ ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ቀድሞ ሳይያዝ አይገባም። እዚያ መግባት ካልቻላችሁ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሂዱ፣ የመስኮቶቹ ዘዴ አንድ ነው። በጣም የፈካውን የመስተዋት ክፍል ነክታችሁ ብርሃኑን ቆልፉ። ክፍሉ ሁሉ ጥቁር ይሆናል፤ ይሁን። ቀለሙ የሚድነው እንዲያ ነው። ሰማዩ ደመናማ ሲሆን ከቀጥተኛ ፀሐይ ይሻላል፤ ሁሉም መስተዋት እኩል ይበራል።

ከተማ ውስጥ ሳላችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ድልድይ፣ ወታደርና ኤርፖርት አካባቢ ካሜራ አታውጡ። ፎቶው ምንም ያህል ቢያምር ፖሊስ ጣቢያ ለመቆየት የሚያበቃ አይደለም።

10. ሰው

ሰው የሥዕሉ ማስጌጫ አይደለም። ጠይቁ። "እማማ፣ አንድ ፎቶ ባነሳዎት?" በሉ፣ ስልኩን ሳታወጡ። የሚጸልይ ሰው አይነሣም። ታቦት ሲወጣ እናንተም ከሰው ጋር ዝቅ በሉ። ጥምቀት ላይ ጎንደር፣ ገና ላይ ላሊበላ ቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲዘመር ለማንሳት ከሆነ ከሌሊቱ ጀምሮ ቦታ ያዙ፤ ከዚያ ቦታ ላትነቃነቁ ትችላላችሁ።

11. ማታውን

የቀኑን ፎቶ ያኑ ማታ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ መብራት ይጠፋልና ፓወር ባንኩን ቀድማችሁ ሙሉ። ለየቦታው ፎልደር ክፈቱ፣ ስሙን በአማርኛ ከነቀኑ ጻፉበት። ከአንድ ሥዕል ከአምስት በላይ አታስቀሩ። ቀለም ስታስተካክሉ ያየሁትን ነው ወይስ የምመኘውን ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ቀዩን ለማድመቅ እጅ ይበላል።

ለምታነሱላቸው ሰዎች ፎቶውን ላኩ። ቴሌግራም ካላቸው በቴሌግራም። ከሌላቸው ባሕር ዳር ፎቶ ቤት አሳትማችሁ ለጀልባ ነጂው ስጡ፣ ያደርሳል። እኔ በሦስተኛው ጉዞዬ በሩን ለከፈቱልኝ አባ ያንን ፈረስ በትልቁ አሳትሜ ይዤላቸው ሄድኩ። ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃኑ ወጣ ብለው ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት።

"የታለ እግሩ?" አሉኝ።

ኮቴው ላይ ቆርጬው ነበር።

አሁንም አምፖሉን አጠፉ፣ በሩን ከፈቱ።

"በል ከነእግሩ አንሳው።"